ቤቱም ገንዘቡም የፓርቲው ነበር፦ የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ተማሪዎች ፌዴሬሽን አዘጋግ

የተማሪ ፖለቲካ ሲባል እኛ ጆሮ ላይ ቀድሞ የሚያቃጭለው «መሬት ለአራሹ» ነው። ተማሪ ከሆነ ግራ ዘመም ነው ብለን ነው ያደግነው። ስለዚህ የዛሬው ጉዳይ መጀመሪያ ላይ ግር ሊል ይችላል። የብሪታንያ ወግ አጥባቂ ፓርቲ የራሱ የተማሪ ክንፍ ነበረው። ይህ ክንፍ በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ፓርቲውን ራሱን አልፎ ወደ ቀኝ ሄደ። ማርጋሬት ታቸር ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው። ተማሪዎቹ ደግሞ የታቸርን መንገድ ከታቸር በላይ እናውቃለን ይላሉ። ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ? ፓርቲው ፊቱን አዞረባቸው። በ1986 መገባደጃ ላይ የወግ አጥባቂ ተማሪዎች ፌዴሬሽን በፓርቲው ሊቀመንበር ውሳኔ ተዘጋ።

እንዲህ ባጭሩ ሲነገር የቅጣት ታሪክ ይመስላል። ልጆች አጠፉ፣ አባት ቀጣ። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን እንደዚያ አይደለም። ፌዴሬሽኑ ለዓመታት ብዙ የሚያስወቅስ ነገር ሲያደርግ በሩ ክፍት ነበር። በሩ የተዘጋው አንድ የተወሰነ ነገር ሲነካ ነው። እኔን ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው። አንድ ፓርቲ ምኑ ሲነካ እንደሚያመው ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

ጣሪያው የማን ነበር?

መጀመሪያ አወቃቀሩን እንይ። በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የወግ አጥባቂ ተማሪዎች ማኅበራት ከፌዴሬሽኑ ቀድመው ነበሩ። የካምብሪጁ በ1921፣ የኦክስፎርዱ በ1924 ተመሥርተዋል። እነዚህ ማኅበራት የራሳቸው ሕግ፣ የራሳቸው ገንዘብ፣ የራሳቸው ጠብም አላቸው። ታቸር ራሳቸው በ1946 የኦክስፎርዱ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበሩ። ያኔ ገና የኬሚስትሪ ተማሪ ናቸው።

ፌዴሬሽኑ የእነዚህ ማኅበራት ጥላ ነበር። ድሮ ረዘም ያለ ስም ነበረው። በ1960ዎቹ ስሙ አጠረና የወግ አጥባቂ ተማሪዎች ፌዴሬሽን ተባለ። ሊቀመንበሩ በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን በሚደረግ ጉባኤ ይመረጣል። መራጮቹ ከየዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ተወካዮች ናቸው። ይህ ምርጫ የእውነት ምርጫ ነበር። ፓርቲው እጩ አይልክም፣ ውጤት አይሽርም። የቡድን ሽኩቻው፣ የድምፅ ቆጠራ ክርክሩ፣ የሌሊቱ ሸንጎ ሁሉ የተማሪዎቹ ነበር።

ቢሮው ግን የፓርቲው ነበር። ለንደን ውስጥ ስሚዝ ስኩዌር በሚባል አደባባይ ቁጥር 32 የፓርቲው ዋና ጽሕፈት ቤት ነበር። ፌዴሬሽኑም እዚያው ነው የሚሠራው። ዓመታዊ ድጎማው ከፓርቲው ነው የሚመጣው። ስልኩ፣ ፖስታው፣ የጽሕፈት ሥራው ሁሉ ከአንድ ካዝና። ተማሪዎቹ ድምፃቸው የራሳቸው ነው፣ ጣሪያቸው ግን የሰው ነው። ሁሉም ነገር ደህና ሲሆን ይህን ማንም አያስተውለውም።

ለረጅም ጊዜም ደህና ነበር። በ1970ዎቹ ፌዴሬሽኑን ይመሩ የነበሩት በአብዛኛው ለዘብተኞች ናቸው። የኤድዋርድ ሂዝ ዘመን ሰዎች፤ ሂዝ ከታቸር በፊት የፓርቲው መሪ የነበሩት ናቸው። ከሊቀመንበሮቹ መካከል በ1973 ዴቪድ ዴቪስ ይገኝበታል፤ ኋላ ብሪታንያን ከአውሮፓ ኅብረት የማስወጣቱን ድርድር የመራው ሚኒስትር። በ1976 ደግሞ ማይክል ፎርሳይት፤ ኋላ የስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው። ታቸር በ1975 የፓርቲው መሪ ሆነው በተመረጡ በሳምንታት ውስጥ የፌዴሬሽኑ ጉባኤ ላይ ተገኝተው ንግግር አድርገዋል። የተማሪ ክንፉ ለፓርቲው የሰው መፈልፈያ ነበር። ድጎማውም የሚሰጠው ለዚሁ ነው።

ሦስቱ ጎራዎች

በ1980 ነገሩ ተገለበጠ። ፒተር ያንግ የሚባል ተማሪ ሊቀመንበርነቱን አሸነፈ። ከእሱ ጋር አዲስ ወገን ገባ። ራሳቸውን ሊበርታሪያን ይሉ ነበር። መንግሥት ከኢኮኖሚውም ከሰው የግል ሕይወትም እጁን ያንሣ የሚሉ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ፌዴሬሽኑ ውስጥ ሦስት ጎራ ነበር። አንደኛው «እርጥቦቹ» የሚባሉት ለዘብተኞች ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የታቸር ደጋፊዎች ናቸው፤ ወኔ የላቸውም ለማለት። ሁለተኛው ባህላዊ ወይም ሥልጣን አጥባቂ ቀኝ ነው። ለአገር፣ ለዘውድ፣ ለሥርዓት የቆመ፣ በስደተኞች ጉዳይም ጠንከር ያለ። ሦስተኛው ሊበርታሪያኖቹ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከታቸር ግራ በቆመ ሰው ላይ ይተባበራሉ። እርስ በርሳቸው ሲሆኑ ግን አይዋደዱም። አንዱ ድንበር ይዘጋ ሲል ሌላው ድንበር ምን ያደርጋል ይላል። አንዱ አደንዛዥ ዕፅ በሕግ ይጥበቅ ሲል ሌላው መንግሥት ምን አገባው ይላል።

ሊበርታሪያኖቹ ዝም ብለው ጩኸታም ብቻ አልነበሩም። ይህን ማለት ፍትሐዊ ነው። ያነቡ ነበር፣ ይከራከሩ ነበር፣ ሐሳብ ነበራቸው። ትልቁ ዘመቻቸው ስለ ተማሪዎች ኅብረት ነበር። በወቅቱ ብሪታንያ ውስጥ አንድ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲመዘገብ ወዲያው የተማሪዎች ኅብረት አባል ይሆናል። ፈቃዱን የሚጠይቀው የለም። የኅብረቱ ገንዘብ ደግሞ ከሕዝብ ካዝና ነው። ብሔራዊው የተማሪዎች ኅብረት በግራ ዘመሞች እጅ ነበር። ለዘብተኞቹ ወግ አጥባቂዎች እዚያው ውስጥ ገብተን እንታገል ይሉ ነበር። ሊበርታሪያኖቹ ደግሞ አባልነቱ በፈቃድ ይሁን፣ ያልፈለገ ይውጣ አሉ። ታቸር በሠራተኛ ማኅበራት ላይ የያዙትን አቋም ነው ግቢ ውስጥ ያመጡት።

ችግሩ እዚህ ላይ አላበቃም። በውጭ ጉዳይ ፌዴሬሽኑ በጣም ሩቅ ሄደ። ኮሚኒዝምን የሚወጋ ሁሉ ወዳጁ ሆነ። የፖላንዱን የሠራተኞች ማኅበር ሶሊዳሪቲን ደገፉ፤ እሱን ፓርቲውም ይደግፋል። የኒካራጓ አማፂያን ኮንትራዎችንም ደገፉ፣ የአንጎላውን አማፂ ቡድን ዩኒታንም ደገፉ። የሽምቅ ተዋጊዎች ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሰው ጉባኤ ይገቡ ነበር። በኖቬምበር 1985 ታቸር ከአየርላንድ መንግሥት ጋር ስለ ሰሜን አየርላንድ ስምምነት ሲፈርሙ፣ ፌዴሬሽኑ የገዛ መሪውን ስምምነት ተቃወመ።

ከሁሉም በላይ የሚታወሰው ግን ማንዴላ ላይ የወጣው ተለጣፊ ነው። «ማንዴላ ይሰቀል» የሚል። በ1962 ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ስልጠና የወሰዱት፣ በ1980ዎቹ ደግሞ እስር ቤት ውስጥ የነበሩት ማንዴላ። የቀድሞ አመራሮች ይህ የፌዴሬሽኑ ይፋዊ መፈክር አልነበረም ይላሉ፣ ጥቂት አባላት ናቸው ይላሉ። ይሁን። ግን አባላቱ ለጥፈው ሲዞሩ፣ ደረታቸው ላይ አድርገው ሲታዩ የከለከላቸው አልነበረም። እኔ ይህን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። ሰው ገና ሃያ ዓመት ሲሆነው ብዙ ስሕተት ይሠራል። የታሰረ ሰው ይሰቀል ብሎ ደረት ላይ መለጠፍ ግን ከወጣትነት ስሕተት በላይ ነው።

እና ፓርቲው? ዋና ጽሕፈት ቤቱ ያፍር ነበር። አንዳንድ የምክር ቤት አባላት ይናደዱ ነበር። ፌዴሬሽኑ ግን አልተዘጋም።

ላፍበራ

በ1985 የፋሲካ ጉባኤው ላፍበራ ዩኒቨርሲቲ ተደረገ። እንግሊዝ መሐል አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተማሪዎቹ ጠጡ፣ ጮኹ፣ የማደሪያ ሕንፃው ላይ ጉዳት አደረሱ ተባለ። ጋዜጦቹ ጉዳዩን አንስተው አጯጯሁት። የወግ አጥባቂ ተማሪዎች ረብሻ! ሕግና ሥርዓት ብሎ ለሚፎክር ፓርቲ ይህ ራስ ምታት ነው። ያ ዘመን የማዕድን ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ገና ያበቃበት ነው። መንግሥት አንድ ዓመት ሙሉ አድመኞቹን ሥርዓት አልባ ሲል ከርሟል።

የፓርቲው ሊቀመንበር ያኔ ጆን ሰልዊን ጋመር ነበሩ። ድጎማውን አገዱና ምርመራ አዘዙ። በኋላ ሲጣራ የደረሰው ጉዳት ጋዜጦቹ ካሉት በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ ግን እስኪጣራ አልጠበቀም። መጀመሪያ ቧንቧው ተዘጋ፣ ከዚያ ነገሩ ታየ።

ይህች ቅጽበት ለእኔ የጉዳዩ ዋና ማጠፊያ ናት። ተማሪዎቹ ለአምስት ዓመት መንግሥት ድጎማ ያቁም ብለው ሰብከዋል። ከሌላ ኪስ በሚመጣ ገንዘብ የሚኖር ተቋም ነፃ አይደለም ብለው ተከራክረዋል። ስለ ተማሪዎች ኅብረት የተናገሩት በሙሉ በእነሱ ላይም ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ የራሳቸውን መዋጮ አደራጅተው፣ ሌላ ቦታ ትንሽ ክፍል ተከራይተው ከስሚዝ ስኩዌር ቢወጡ ኖሮ፣ ቢያንስ ማንም ሊዘጋቸው አይችልም ነበር። አልወጡም። ፓርቲው ውስጥ መሆን የሚሰጠው ነገር ቀላል አይደለም። ሚኒስትር ጋር መድረስ አለ፣ የፓርቲው አካላት ውስጥ ወንበር አለ፣ ነገ የምክር ቤት እጩ የመሆን ተስፋ አለ። ያንን ትቶ መውጣት ለሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ከባድ ነው። እረዳቸዋለሁ። ግን ሐሳባቸውን ከሁሉም በላይ የሚፈትነው እዚህ ነበር፣ እዚህ ላይ ወደቁ።

ፓርቲውም የራሱ ስሕተት ነበረው። ድጎማ የሰጠ ታዛዥነት የገዛ መስሎት ነበር። እውነተኛ ምርጫ ያለበት ድርጅት ውስጥ ታዛዥነት አይገዛም። በየዓመቱ ሌላ ሰው ይመረጣላ።

የሽማግሌው ስም

በሴፕቴምበር 1985 ጋመር ተነሡና ኖርማን ቴቢት የፓርቲው ሊቀመንበር ሆኑ። ተማሪዎቹ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ቴቢት የራሳቸው ሰው ናቸው። ቀኝ፣ ግልጽ፣ የሠራተኛ ማኅበራትን በሕግ የገደቡ፣ ታቸር ከልባቸው የሚያምኗቸው። ከአንድ ዓመት በፊት በብራይተን የሆቴል ፍንዳታ ቆስለው ነበር፣ ባለቤታቸውም በዚያው ፍንዳታ ሽባ ሆነው ቀርተዋል። ከፌዴሬሽኑ ጋር በሐሳብ ቅርብ የሆነ ሊቀመንበር ቢፈለግ ከቴቢት የተሻለ አይገኝም ነበር። የዘጉትም እሳቸው ናቸው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፣ በ1945 ግንቦት፣ ኦስትሪያ ውስጥ የብሪታንያ ጦር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮሳኮችን ይዞ ነበር። ኮሳኮች ከሩሲያና ከዩክሬን ደቡብ የመጡ፣ በፈረሰኛ ተዋጊነታቸው የሚታወቁ ሕዝቦች ናቸው፤ እነዚህኞቹ ከጀርመን ጎን ተሰልፈው የተዋጉ ናቸው። ከነቤተሰባቸው፣ ከሴቱ ከልጁ ጋር። ብሪታንያ፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ያልታ ላይ በተስማሙት መሠረት የሶቪየት ዜጎች ለሶቪየት ኅብረት መመለስ ነበረባቸው። ከእነዚህ ኮሳኮች መካከል ግን የሶቪየት ዜጋ ሆነው የማያውቁ ነበሩ። ከቦልሼቪክ አብዮት በኋላ በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ተሸንፈው የተሰደዱ ናቸው። እነሱም አብረው ተሰጡ። ለብዙዎቹ መጨረሻው የጉልበት ሥራ ካምፕ ወይም ሞት ሆነ። ከኮሳኮቹ መሪዎች አንዱ የነበሩት አዛውንቱ ጄኔራል ክራስኖቭ በ1947 ሞስኮ ውስጥ ተገደሉ።

በዚያን ጊዜ በሜዲትራኒያን አካባቢ የብሪታንያ መንግሥት ተጠሪ ሚኒስትር የነበሩት ሃሮልድ ማክሚላን ናቸው። ኋላ ከ1957 እስከ 1963 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። በ1986 የ92 ዓመት አዛውንት ናቸው። የስቶክተን ኧርል የሚል የመኳንንት ማዕረግ ይዘው በጌቶች ምክር ቤት ይቀመጣሉ። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ የታቸርን መንግሥት በአደባባይ ወርፈዋል። የመንግሥት ድርጅቶችን መሸጥ ቤተሰብ የብር ዕቃውን እንደሚሸጠው ነው ብለው። ለሊበርታሪያኖቹ ተማሪዎች ይህ ንግግር ስድብ ነበር።

በ1986 ኒኮላይ ቶልስቶይ የተባለ የታሪክ ጸሐፊ ማክሚላንን በኮሳኮቹ እልቂት በስም ተጠያቂ ያደረገ መጽሐፍ አሳተመ። ፌዴሬሽኑ «ኒው አጀንዳ» የሚባል መጽሔት ነበረው። አዘጋጁ ሃሪ ፊብስ ነበር። መጽሔቱ የቶልስቶይን ክስ ይዞ ወጣ። በወግ አጥባቂ ፓርቲ ገንዘብ የሚኖር የተማሪ ድርጅት፣ የወግ አጥባቂ ፓርቲን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር በጦር ወንጀል ከሰሰ።

ቴቢት ጊዜ አላባከኑም። መጽሔቱ እንዳይሠራጭ የፍርድ ቤት እግድ አወጡ። የራሱ ፓርቲ የራሱን ተማሪዎች በእግድ አስቆመ። ከዚያም ዓመቱ ሳያልቅ ፌዴሬሽኑን ዘጉት። ማክሚላንም በዚያው ዓመት ዲሴምበር 29 አረፉ።

ቅደም ተከተሉን እንደገና እንየው። የማንዴላ ተለጣፊ ወጣ፤ ፌዴሬሽኑ አልተዘጋም። ለኮንትራዎች ተጨበጨበ፤ አልተዘጋም። ላፍበራ ላይ ተረበሸ ተባለ፤ ድጎማ ታገደ እንጂ አልተዘጋም። የመሪዋን ስምምነት ተቃወሙ፤ አልተዘጋም። የፓርቲው ሽማግሌ ስም ሲነሣ ግን ቤቱ ተቆለፈ። በእርግጥ ነገሩ ተጠራቅሟል፣ የመጨረሻዋ ጠብታ ናት ሊባል ይችላል። እኔ ግን ጠብታዋ የወደቀችበት ቦታ ቀላል አይመስለኝም። የውጭ ሰው ይሰቀል ሲባል ፓርቲው አፈረ። የራሱ ሰው ሲነካ ግን ጠበቃ ጠራ።

ስለ ክሱ ራሱም አንድ ነገር ልበል፤ ተማሪዎቹን ለመዳኘት ያስፈልጋል። ቶልስቶይ በኋላ ሎርድ አልዲንግተን በተባሉ ሰው ስም በማጥፋት ተከሶ በ1989 ተሸነፈ። 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ ተፈረደበት። በእንግሊዝ እስከዚያ ጊዜ ከተፈረደው የስም ማጥፋት ካሳ ሁሉ ትልቁ ነበር። በ1995 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ካሳው ከመጠን ያለፈ ነው አለ። አልዲንግተን በ1945 ኦስትሪያ ውስጥ የጦሩ ኢታማዦር ሹም ነበሩ። በ1960 አካባቢ ደግሞ የወግ አጥባቂ ፓርቲ ምክትል ሊቀመንበር። አለቃቸው ያኔ ማክሚላን ነበሩ። በ1990 የወጣ ሌላ ምርመራ ማክሚላንን ከሴራ ክስ ነፃ አደረጋቸው። እንግዲህ ተማሪዎቹ ያልተረጋገጠ ክስ ነው ያተሙት። የኮሳኮቹ እልቂት ግን የፈጠራ ወሬ አልነበረም። ስለ እሱ መጠየቅም ነውር አልነበረም። መጠየቅና መፍረድ ይለያያል፤ መጽሔቱ ፈረደ፣ ፓርቲው ደግሞ ጥያቄውንም አብሮ ለመቅበር ሞከረ።

መዝጋት የቻሉት እንዴት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው የሕግ ነገር አለ። አንድ ሊቀመንበር በውሳኔ ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉትን ድርጅት እንዴት ይዘጋል?

መልሱ በአንድ የግብር ክርክር ውስጥ ይገኛል። በ1970ዎቹ የብሪታንያ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት የወግ አጥባቂ ፓርቲ ዋና ጽሕፈት ቤት እንደ ማኅበር ግብር ይክፈል አለ። ክርክሩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1981 መጨረሻም ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤቱ ያለው ጉድ የሚያሰኝ ነው። የወግ አጥባቂ ፓርቲ የሚባል በአንድ ደንብ የተያያዘ ማኅበር የለም። የምክር ቤት አባላቱ ለብቻ ናቸው። በየወረዳው ያሉት ማኅበራት ለብቻ ናቸው። ዋናው ጽሕፈት ቤት ደግሞ ለብቻ፤ እሱ የፓርቲው መሪ መሥሪያ ቤት ነው። ሊቀመንበሩን የሚሾሙት መሪው ናቸው፣ ሊቀመንበሩም የሚጠየቀው ለመሪው ነው።

ይህን ወደ ተማሪዎቹ እናምጣው። ወላጅ ፓርቲ የሚሉት ነገር በሕግ ፊት አንድ አካል አልነበረም። እነሱ የተጠጉት ስሚዝ ስኩዌር ያለውን የመሪውን ቢሮ ነው። ይግባኝ የሚባልበት ሸንጎ የለም፣ የሚጠቀስ ደንብ የለም። ጣሪያውን የሚሰጠው ሰው ጣሪያውን መንሣት ይችላል። ቴቢት ያደረጉትም ይኸው ነው።

ነገር ግን መዝጋት የቻሉት ጥላውን ብቻ ነው። የኦክስፎርድ ማኅበር፣ የካምብሪጅ ማኅበር፣ በየግቢው ያሉት ሁሉ እዚያው ቀሩ። እነሱ የስሚዝ ስኩዌር አልነበሩማ።

በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት በሌላው ጎራም ተመሳሳይ ነገር እየተካሄደ ነበር። የሌበር ፓርቲ የወጣት ክንፍ «ሚሊታንት» በሚባል የትሮትስኪ ተከታይ ቡድን እጅ ነበር። የሌበር መሪ ኒል ኪኖክ በ1985 ጉባኤ ላይ ጦርነት አወጁባቸውና በዓመታት ውስጥ አጸዷቸው። ሁለቱም ፓርቲዎች ወደ መሐል መራጭ ፊታቸውን ሲያዞሩ መጀመሪያ የተጋጩት ከገዛ ልጆቻቸው ጋር ነው።

ከዚያ በኋላ

በፌዴሬሽኑ ቦታ «ኮሌጂየት ፎረም» የሚባል ድርጅት ተተካ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ አጥብቆ የያዘው ነበር። እንደ ቀድሞው ጮኸ የሚባል ነገር አልተሰማም። በ1998 የፓርቲው መሪ ዊልያም ሄግ ፓርቲውን ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ደንብ ሲያዋቅሩ፣ ፎረሙ ከወጣት ወግ አጥባቂዎች ማኅበርና ከተመራቂዎች ማኅበር ጋር ተቀላቅሎ «ኮንሰርቫቲቭ ፊውቸር» ሆነ። የወጣቶቹ ማኅበር በ1950ዎቹ ከመቶ ሺህ በላይ አባላት ነበሩት። በ1998 ግን የዚያ ጥላ ብቻ ነበር የቀረው።

ያም በሰላም አልኖረም። በ2015 አንድ የ21 ዓመት የፓርቲው ወጣት አቀንቃኝ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በፓርቲው የወጣቶች ዘመቻ ውስጥ ስለነበረ ማስፈራራትና ማንጓጠጥ ብዙ ክስ ወጣ። የቀድሞው የፓርቲው ተባባሪ ሊቀመንበር ግራንት ሻፕስ ከሚኒስትርነት ለቀቁ፣ የወጣት ክንፉም አመራር ታገደ። በ2018 እንደገና «ወጣት ወግ አጥባቂዎች» ተብሎ ተጀመረ። ይህን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። በ1986 ፓርቲው ወጣቶቹ የሚናገሩት እንዳያሳፍረው ብሎ እጁን አጠበቀ። በ2015 ደግሞ እርስ በርሳቸው ምን እየተደራረጉ እንደሆነ አላየም። ድምፃቸውን መቆጣጠርና እነሱን መጠበቅ አንድ ሥራ አይደለም።

የሊበርታሪያኖቹ ሐሳብስ? አልሞተም። በ1994 የወጣው የትምህርት ሕግ ተማሪ የተማሪዎች ኅብረት አባል ላለመሆን መብት አለው ብሎ ደነገገ። መጀመሪያ የታሰበው ከዚህም የጠነከረ ነበር፣ ተቃውሞ በዝቶ ለዘብ አለ። ድርጅቱ ተዘግቶ ስምንት ዓመት ሳይሞላ ዋናው መፈክሩ በከፊል ሕግ ሆነ።

ሰዎቹም አልጠፉም። ብራያን ሞንቲዝ የስኮትላንድ ፓርላማ አባል ሆነ። ፖል ጉድማን ለዘጠኝ ዓመት የዌስትሚንስተር የምክር ቤት አባል ነበር። የላፍበራው ወሬ በተናፈሰበት ዓመት ሊቀመንበር የነበረው ማርክ ማክግሬጎር በ2002 የፓርቲው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኖ ተሾመ። ድርጅቱን የዘጋውን ጽሕፈት ቤት እንዲመራ ማለት ነው። የድሮ ታሪኩ ወዲያው ተነሣበት፣ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ከሥራው ተነሣ።

የመጨረሻው ሊቀመንበር ደግሞ ጆን በርካው ይባላል። የታክሲ ሾፌር ልጅ ነው፣ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የተማረ። በልጅነቱ የጠንካራው ቀኝ «መንደይ ክለብ» አባል ነበር፤ በኋላ በአደባባይ ተጸጽቶበታል። ቴቢት ፌዴሬሽኑን ከዘጉ በኋላ በአዲሱ ፎረም ውስጥ ምክትል ሊቀመንበር አድርገው የሾሙት እሱኑ ነው። በ1997 የምክር ቤት አባል ሆነ። ቀስ በቀስ ከቀኝ ወደ መሐል፣ ከመሐልም አልፎ ሄደ። በ2009 የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆኖ ተመረጠ።

በ2013 ዲሴምበር ማንዴላ አረፉ። የብሪታንያ ፓርላማ ዲሴምበር 9 ቀን ለሳቸው ክብር ተሰበሰበ። ጋዜጦቹ በዚያ ሳምንት የድሮውን ተለጣፊ እንደገና አውጥተው ማን ለብሶት ነበር እያሉ ይጠይቁ ነበር። ምክር ቤቱ ሞልቷል። ከሁሉም ወገን ያሉ አባላት ተራ በተራ እየተነሡ ስለ ማንዴላ ተናገሩ። ከፊት፣ በአፈ ጉባኤው ከፍ ያለ ወንበር ላይ፣ ተራ እየሰጠ የተቀመጠው በርካው ነበር።